ማይንክራፍት ላይ ሞድ ሳይምታታባችሁ የምትጭኑበት መንገድ

«ሞዱን አወረድኩት፣ ፎልደሩ ውስጥ ከተትኩት፣ ጌሙ ግን አልከፈት አለኝ። ምን ላድርግ?» ይህ ጥያቄ በተለያየ አነጋገር ደጋግሞ ይደርሰኛል። ጠጋ ብዬ ሳየው ብዙውን ጊዜ ሞዱ (ጌሙን የሚቀይረው ወይም አዲስ ነገር የሚጨምርበት ተጨማሪ ፕሮግራም) ራሱ ጥፋት የለበትም። አንድ ፎልደር ውስጥ የማይስማሙ ነገሮች ተደባልቀዋል፤ የትኛው ከየትኛው እንደተጣላ ደግሞ መለየት አልተቻለም።

ስለዚህ ሥራውን የሚያቀለው ነገር እያንዳንዱን የሞድ ስብስብ ለብቻው መከለል፣ ከዚያ ሞዶቹን ጥቂት በጥቂት መጨመር ነው። ይህንን በእጅ መሥራት አድካሚ ስለሆነ ፕሪዝም ላውንቸር የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም እንጠቀማለን፤ ላውንቸር ማለት ጌሙን የሚያስነሳ ፕሮግራም ነው።

አንድ ነገር ቀድማችሁ አረጋግጡ። ይህ መመሪያ የሚሠራው ለማይንክራፍት ጃቫ ኤዲሽን ብቻ ነው። ስልክ፣ ኤክስቦክስ፣ ፕሌይስቴሽንና ስዊች ላይ የምትጫወቱት ቤድሮክ ኤዲሽን ነው። ቤድሮክ አድኦን የሚባል የራሱ አሠራር አለው፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ሞዶች እዚያ አይገቡም። ዊንዶውስ ላይ ሁለቱም ስላሉ የትኛውን እንደምትከፍቱ ልብ በሉ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ጃቫ ኤዲሽን የተገዛበት የማይክሮሶፍት አካውንት። ላውንቸሩ ነፃ ነው፤ ጌሙን ግን አይተካም።
- ዊንዶውስ፣ ማክ ወይም ሊኑክስ ኮምፒውተር። ራሙ 8 ጊጋባይት ቢሆን ይመረጣል። በ4 ጊጋባይት ጥቂት ቀላል ሞዶች ይሠራሉ፤ ትልልቅ የሞድ ስብስቦች ግን አይሞከሩም።
- ጥቂት ጊጋባይት ባዶ ቦታ።
- ባክአፕ የምታስቀምጡበት ፍላሽ ወይም ሌላ ዲስክ።
- አንድ የማስታወሻ ፋይል። ምን ሞድ መቼ እንደጨመራችሁ ትጽፉበታላችሁ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ጌሙ እምቢ ባለ ቀን ግን ከሁሉም በላይ የሚያግዛችሁ እሱ ነው።

1. መጀመሪያ ወርልዳችሁን ባክአፕ አድርጉ

ኦፊሴላዊውን ላውንቸር ክፈቱና «ኢንስታሌሽንስ» የሚለው ገጽ ላይ ግቡ። ማውሱን ጌሙ ላይ ስታሳርፉ የፎልደር ምልክት ብቅ ይላል። ጠቅ አድርጉት። በሚከፈተው ፎልደር ውስጥ «ሴቭስ» የሚል ታገኛላችሁ። ወርልዶቻችሁ በሙሉ እዚያ ናቸው። ፎልደሩን እንዳለ ቀድታችሁ ወደ ፍላሹ አስገቡ።

ይህ ለምን ቀደመ? ሞድ ወርልድ ላይ የሚያደርገው ለውጥ ብዙውን ጊዜ ወደኋላ አይመለስም። አንድ ሞድ አዳዲስ ብሎኮች ከጨመረና እናንተ በእነሱ ቤት ከሠራችሁ፣ ሞዱን ያወጣችሁ ቀን ብሎኮቹ ከወርልዱ ይጠፋሉ። ሞዱን መልሳችሁ ብትጭኑትም የጠፋው አይመለስም። ወርልዱን በአዲስ ቨርዥን ከፍታችሁ ወደ አሮጌው ለመመለስ መሞከርም እንዲሁ ያበላሸዋል። ታናሽ ወንድሜ ለወራት የሠራውን ከተማ በዚህ ምክንያት ሲያጣ አይቻለሁ። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ባክአፕ ያድነው ነበር።

2. ፕሪዝም ላውንቸርን ጫኑ

ከራሱ ከፕሮጀክቱ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱት። ስሙን ሰርች ስታደርጉ ማስታወቂያ ሆነው የሚመጡ ተመሳሳይ ገጾችን እለፏቸው። ሲከፈት ቋንቋና የመሳሰሉትን ይጠይቃችኋል፤ ካልገባችሁ እንዳለ ማለፍ ይቻላል። ከዚያ ከላይ በቀኝ በኩል «አካውንትስ» የሚለው ውስጥ ገብታችሁ የማይክሮሶፍት አካውንታችሁን ጨምሩ።

የድሮው ላውንቸር ባለበት ይቆይ፤ ሁለቱ አይጋጩም።

3. ሞድ ከመምረጣችሁ በፊት ቨርዥኑንና ሎደሩን ወስኑ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ማይንክራፍት በራሱ ሞድ ማንበብ አይችልም። በመሃል የሚያገናኝ ፕሮግራም ይፈልጋል፤ እሱ ሎደር ይባላል። በብዛት የሚሠራባቸው ፋብሪክ፣ ፎርጅና ኒዮፎርጅ ናቸው። ለፎርጅ የተሠራ ሞድ ፋብሪክ ላይ አይነሳም፤ ለፋብሪክ የተሠራውም ፎርጅ ላይ አይነሳም። አንዳንድ ሞዶች ለሁለቱም ይሠራሉ፤ ግን ለየሎደሩ የተለያየ ፋይል አላቸው።

ቨርዥኑም እንደዚሁ ነው። 1.20.1 እና 1.20.6 ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ለሞድ ግን የተለያዩ ጌሞች ናቸው ማለት ይቻላል። 1.20.5 ላይ ጌሙ የዕቃዎችን መረጃ የሚያስቀምጥበት መንገድ በጣም ተቀይሯል፤ ስለዚህ ለ1.20.1 የተሠራ የዕቃ ሞድ 1.20.6 ላይ ይሠራል ብላችሁ አትጠብቁ። የመጨረሻዋን ቁጥር ሳትንቁ አንብቧት።

ታዲያ እንዴት ትወስናላችሁ? ከሞዶቹ ተነሱ። የግድ የምትፈልጓቸውን ሁለት ወይም ሦስት ሞዶች ጻፉ። ሞድ የሚወርድባቸው ድረ ገጾች የሆኑት ሞድሪንዝ ወይም ከርስፎርጅ ላይ ገብታችሁ እያንዳንዱ በየትኛው ቨርዥንና ሎደር እንደሚገኝ እዩ። ሁሉም የሚገናኙበትን ምረጡ። አዲሱ ቨርዥን ላይ አንዱ ከጎደለ አዲሱን ተዉት። ሞድ ሠሪዎች በትርፍ ጊዜያቸው ስለሚሠሩ ጌሙ በታደሰ ማግስት ሁሉም ሞድ አብሮ አይታደስም።

የተለየ ሞድ ካላሰባችሁና ጌሙ ፈጠን እንዲል ብቻ ከፈለጋችሁ ፋብሪክን ምረጡ። ቀላል ነው፤ ቶሎም ይከፍታል።

4. ኢንስታንስ ፍጠሩ

ኢንስታንስ ማለት ለብቻው የተከለለ የጌሙ ቅጂ ነው። የራሱ ቨርዥን፣ የራሱ ሞዶች፣ የራሱ ወርልዶችና የራሱ ሴቲንግ አለው። አንዱ ቢበላሽ ሌላው አይነካም።

ከላይ በግራ «አድ ኢንስታንስ» የሚለውን ጠቅ አድርጉ። ስም ስትሰጡት ቨርዥኑና ሎደሩ ይግቡበት፤ ለምሳሌ «ሰርቫይቫል 1.20.1 ፋብሪክ»። «ኒው 2» የሚል ስም ከወር በኋላ ምንም አይነግራችሁም። ከላይ ካለው ዝርዝር ቨርዥኑን፣ ከታች ካለው ሎደሩን መርጣችሁ እሺ በሉ።

ሎደሩን በተናጠል ማውረድ፣ ኢንስቶለር መክፈት፣ ፎልደር መፈለግ፣ ይህ ሁሉ ቀረ። ላውንቸሩ ራሱ ይጨርሰዋል።

5. ምንም ሞድ ሳትጨምሩ አንድ ጊዜ ክፈቱት

«ላውንች» በሉት። ዋናው ገጽ ድረስ ከደረሰ ዝጉት።

ይህንን ብዙዎች ይዘሉታል፤ እባካችሁ አትዝለሉት። ባዶው ጌም ካልከፈተ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ጃቫ (ጌሙ እንዲሠራ የሚያስፈልገው ፕሮግራም) ወይም የግራፊክስ ድራይቨር ነው። ይህንን አሁን ካወቃችሁ፣ በኋላ ምንም ያላጠፋ ሞድ ስትወነጅሉ አትውሉም።

ስለ ጃቫ ማወቅ ያለባችሁ ይህንን ነው። እስከ 1.16.5 ያለው ጌም በጃቫ 8 ይሠራል። 1.17 ጃቫ 16ን፣ ከ1.18 እስከ 1.20.4 ያለው ጃቫ 17ን ይፈልጋል። 1.20.5 እና ከዚያ በኋላ የመጡት የ1.21 ቨርዥኖች ጃቫ 21 ይፈልጋሉ። የቅርብ ጊዜው ፕሪዝም ትክክለኛውን ጃቫ ራሱ ሊያወርድላችሁ ይችላል፤ በጃቫ ሴቲንግ ውስጥ አብሩት። ሎጉ (ጌሙ ሲነሳ የሆነው ሁሉ የሚመዘገብበት ጽሑፍ) ላይ «ክላስ ፋይል ቨርዥን 65» የሚል ስህተት ካያችሁ ጃቫ 21 ጎድሏል ማለት ነው። 61 ካለ ደግሞ ጃቫ 17 ነው።

6. ሞዶቹን ከላውንቸሩ ውስጥ አውርዱ

ኢንስታንሱን ምረጡና «ኤዲት»፣ ከዚያ «ሞድስ»፣ ከዚያ «ዳውንሎድ ሞድስ»። በሚከፈተው መስኮት ሞድሪንዝን ወይም ከርስፎርጅን መርጣችሁ የሞዱን ስም ፈልጉ።

በብራውዘር ከማውረድ ይህ የሚሻልበት ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛ፣ ላውንቸሩ የኢንስታንሱን ቨርዥንና ሎደር ስለሚያውቅ የሚያቀርብላችሁ ከእነሱ ጋር የሚሄደውን ነው። ሁለተኛ፣ ብዙ ሞዶች ሌላ ሞድ አብሯቸው እንዲኖር ይፈልጋሉ። ይህ ዲፔንደንሲ ይባላል። ለምሳሌ አብዛኞቹ የፋብሪክ ሞዶች ፋብሪክ ኤፒአይ ከሌለ አይነሱም። ላውንቸሩ የሚጎድለውን አይቶ አብሮ ያወርዳል። ከማረጋገጣችሁ በፊት ዝርዝሩን አንዴ ቃኙት።

በእጅ የያዛችሁት የጃር ፋይል (ሞዱ ያለበት ፋይል) ካለ «አድ ፋይል» በሚለው አስገቡት። ፋይሉን ዊንራር ውስጥ ከፍታችሁ አትበትኑት። ዊንዶውስ የዚፕ ምልክት ሊሰጠው ይችላል፤ ቢሆንም እንዳለ ነው የሚገባው።

ሙሉ የሞድ ስብስብ፣ ማለትም ሞድፓክ ከፈለጋችሁ ደግሞ አንድ በአንድ አትልቀሙ። «አድ ኢንስታንስ» ውስጥ በግራ በኩል ሞድሪንዝ ወይም ከርስፎርጅ የሚለውን መርጣችሁ ስብስቡን በአንድ ጊዜ ጫኑ። ከርስፎርጅ ላይ አንዳንድ ሞድ ሠሪዎች በሌላ ላውንቸር እንዳይወርድ ስለሚከለክሉ፣ የቀሩትን ፋይሎች ሊንክ የያዘ መስኮት ሊመጣ ይችላል። ሊንኮቹን በብራውዘር ከፍታችሁ አውርዱ። ላውንቸሩ የዳውንሎድ ፎልደራችሁን እየተመለከተ ራሱ ያነሳቸዋል።

7. ጥቂት ጨምሩ፣ ሞክሩ፣ ጻፉ

ከሦስት ወይም ከአራት ሞድ በላይ በአንድ ጊዜ አትጨምሩ። ከጨመራችሁ በኋላ ጌሙን ክፈቱ፤ ለሙከራ ብቻ የፈጠራችሁት አዲስ ወርልድ ውስጥ ግቡ፤ ጥቂት ተመላለሱ። ሰላም ከሆነ ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉና ቀጣዮቹን ጨምሩ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አራት ጨምራችሁ ከተበላሸ ተጠርጣሪው ከአራቱ አንዱ ነው። ሃምሳ ጨምራችሁ ከተበላሸ ቀኑ በፍለጋ ያልቃል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ ከእነዚህ ጀምሩ፦ ሶዲየም ለፍጥነት፣ ሊቲየም ጌሙ ከጀርባ የሚሠራውን ሥራ ለማቅለል፣ ሞድ ሜኑ ደግሞ የተጫኑትን ሞዶች ጌሙ ውስጥ ለማየት። ሼደር (የጌሙን ብርሃንና ጥላ የሚያሳምር) ከፈለጋችሁ አይሪስን ጨምሩ፤ እሱ ሶዲየምን ይፈልጋል። እነዚህ አዲስ ብሎክ ስለማይጨምሩ ብታወጧቸውም ወርልዳችሁ አይጎዳም።

መልክዓ ምድር የሚቀይሩ ሞዶችን በተመለከተ፣ በነባር ወርልድ ላይ ብትጨምሯቸው ለውጡ የሚታየው ገና ባልረገጣችሁት ቦታ ብቻ ነው። ድንበሩ ላይም በቢላ የተቆረጠ የሚመስል ገደል ይፈጠራል። አዲስ ወርልድ ብትጀምሩላቸው ይሻላል።

8. ሜሞሪውን አስተካክሉ

«ኤዲት» ውስጥ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ ጃቫ የሚለው ላይ ከፍተኛውን የሜሞሪ መጠን ታገኛላችሁ። ለጥቂት ሞዶች 4 ጊጋባይት ይበቃል። ለትልልቅ ስብስቦች ከ6 እስከ 8 ያስፈልጋል።

ያላችሁን ሁሉ አትስጡት። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር ላይ 8ቱንም ለጌሙ ብትመድቡ ለዊንዶውስ የሚቀር የለም፤ ሁሉም ነገር ይንቀረፈፋል። ከሚያስፈልገው በላይ መስጠትም ጥቅም የለውም፤ ጃቫ የተጠራቀመ ሜሞሪ ሲያጸዳ ጌሙ ቀጥ ብሎ ሊቆም ይችላል።

9. የሠራውን ቅዱ

ሁሉም ነገር ተስማምቶ ሲሠራ ኢንስታንሱን መርጣችሁ «ኮፒ» በሉት። ከዚህ በኋላ አዲስ ሞድ የምትሞክሩት ቅጂው ላይ ነው። ሞዶች የምታድሱትም መጀመሪያ እዚያ ነው። ወርልዳችሁንም ወደ ዋናው ኢንስታንስ «ሴቭስ» ፎልደር የምታስገቡት አሁን ነው፤ ከዚያ በፊት አይደለም።

10. ክራሽ ሲያደርግ (ጌሙ በድንገት ሲዘጋ)

አትደንግጡ፤ ከመነሻው አጥፍታችሁ እንደገና አትጀምሩም። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

ሀ. ጽሑፉን አንብቡ። ፋብሪክ ሞዶች አልስማማ ሲሉት መስኮት ከፍቶ ይናገራል፦ ይህ ሞድ ያንን ይፈልጋል፣ ይህኛው ከዚያኛው ጋር አይሄድም ይላል። አብዛኛው ችግር እዚሁ ያልቃል። የጎደለውን መጨመር ወይም ትክክለኛውን ቨርዥን መተካት ነው።

ለ. መስኮት ካልመጣ «ኤዲት» ውስጥ ሎጉን ክፈቱ። «ኮዝድ ባይ» የሚሉትን መስመሮች ፈልጉ። እነሱ አካባቢ የአንድ ሞድ ስም ካያችሁ እሱን ጠርጥሩ።

ሐ. ማስታወሻችሁን እዩ። መጨረሻ የጨመራችሁትን አጥፉ። ለማጥፋት ፋይሉን መደምሰስ አያስፈልግም፤ የሞዶች ዝርዝር ላይ ከጎኑ ያለውን ምልክት ማንሳት ይበቃል።

መ. አሁንም ካልተገኘ ግማሽ በግማሽ ፈልጉ። 40 ሞድ ካላችሁ 20ውን አጥፍታችሁ ክፈቱ። ከሠራ ጥፋተኛው ከጠፉት 20 ውስጥ ነው፤ ካልሠራ ከቀሩት ውስጥ ነው። ጥፋተኛው ያለበትን ወገን እንደገና ለሁለት ክፈሉ። 40 ሞድ ቢበዛ በ6 ሙከራ ይለያል። ፋብሪክ ኤፒአይን የመሰሉ ሌሎች የሚደገፉባቸውን ግን አታጥፏቸው፤ አለበለዚያ ሌላ ስህተት ጨምራችሁ ትደናገራላችሁ። ሁለት ሞዶች እርስ በርስ ተጣልተው ከሆነ ውጤቱ ሊያምታታ ይችላል፤ ያን ጊዜ ጥፋተኛ የመሰለውን ብቻውን አስቀርታችሁ ሌሎቹን ጥቂት በጥቂት መልሱ።

ተጠንቀቁ፦ ይህንን ፍለጋ የምታደርጉት በሙከራ ወርልድ ላይ ብቻ ነው። ግማሹ ሞድ ጠፍቶ ዋናውን ወርልድ ብትከፍቱ የእነዚያ ሞዶች ብሎኮች ይጠፋሉ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- የአንድ ሞድ ሁለት ቨርዥን አብሮ መኖር። አዲሱን ስታስገቡ አሮጌውን አውጡ። ብራውዘር አንድን ፋይል ሁለቴ ሲያወርድ ስሙ ላይ ቁጥር ስለሚጨምር ሳይታወቃችሁ ሁለቱም ሊገቡ ይችላሉ።
- ስሙ መጨረሻ ላይ «ሶርስስ» የሚል ያለበትን ጃር ማውረድ። እሱ ለፕሮግራመሮች የተቀመጠ ኮድ ነው፤ ጌሙ ውስጥ አይሠራም።
- ኦፕቲፋይንንና (እሱም ሌላ የፍጥነት ሞድ ነው) ሶዲየምን አንድ ላይ መጫን። ሁለቱም የሚቀይሩት አንድ ቦታ ስለሆነ ይጣላሉ። አንዱን ምረጡ።
- ሰርቨር ላይ ስትጫወቱ አዲስ ብሎክ ወይም ዕቃ የሚጨምር ሞድን በራሳችሁ በኩል ብቻ መጫን። እንዲህ ያለው ሞድ ሰርቨሩም ላይ መኖር አለበት። ሶዲየምን የመሰሉት ግን የእናንተ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ቢሆኑ ይበቃል።
- ሁሉንም ሞድ በአንድ ቀን ማደስ። ሁለት ወይም ሦስት አድሱ፣ ሞክሩ፣ ቀጥሉ።

ስለ ደኅንነት

ሞድ ፎቶ ወይም ዘፈን አይደለም፤ ሙሉ ፕሮግራም ነው። ስትከፍቱት እናንተ ኮምፒውተራችሁ ላይ ማድረግ የምትችሉትን ሁሉ ማድረግ ይችላል፤ ፋይል ማንበብ፣ የይለፍ ቃል መስረቅ ጭምር። በሰኔ 2023 (እ.ኤ.አ.) ፍራክቸራይዘር የተባለ ቫይረስ በተጠለፉ አካውንቶች በኩል ከርስፎርጅ ላይ ባሉ ሞዶች ውስጥ ገብቶ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ያገኛቸውን ሌሎች የጃር ፋይሎችም ይበክል ነበር።

ስለዚህ ከሞድሪንዝ፣ ከከርስፎርጅ ወይም ከሞድ ሠሪው የራሱ ገጽ ውጪ አታውርዱ። ሰርች ላይ ቀድመው የሚመጡ፣ የሰው ሞድ ቀድተው የሚያስቀምጡ ገጾች አሉ፤ ራቁ። ጃር መሆን ሲገባው ኢንስቶለር ሆኖ የወረደን ሞድ አትክፈቱ። «መጀመሪያ አንቲቫይረስህን አጥፋ» የሚል መመሪያ ካያችሁ ገጹን ዝጉት። ከወጣ ገና ሰዓታት የሆነውን ሞድ ለማውረድም አትቸኩሉ፤ ጥቂት ቀን ጠብቁት።

እርዳታ ስትጠይቁ

«አይሠራም» ብቻ ብላችሁ ብትጽፉ ማንም ሊረዳችሁ አይችልም። የጌሙን ቨርዥን፣ የሎደሩን ስምና ቨርዥን፣ መጨረሻ የጨመራችሁትን ሞድ እና ሙሉውን ሎግ ላኩ። ሎጉን በስልክ ፎቶ አታንሱት፤ ዋናው መስመር ብዙውን ጊዜ ከፎቶው ውጪ ይቀራል። ላውንቸሩ የሎግ ገጽ ላይ ሎጉን አፕሎድ አድርጎ ሊንክ የሚሰጥ ቁልፍ አለው፤ ሊንኩን ብቻ ላኩ።